ደሟ ቶሎ የማይቆም ልጅ ቤት ውስጥ ስትኖር

ወጥ ቤታችን በር አናት ላይ አንድ ክብ የግድግዳ ሰዓት አለ። ልጄን ሲነስራት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አፍንጫዋን ይዤ ሰዓት ካላየሁ ሦስቱ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይሆንብኛል። «አሁንስ ቆሞ ይሆን?» እያልኩ እጄን አነሳለሁ። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

ልጄ አሁን 15 ዓመቷ ነው። ሕመሟ ግላንዝማን ትሮምባስቴኒያ ይባላል። ቤት ውስጥ «የፕላትሌቱ ነገር» ነው የምንለው። ከሚሊዮን ሰው አንድ ያህሉን ብቻ የሚይዝ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት ጠይቆ መማር አይቻልም። እኔ የተማርኩት ከሐኪሞቿና ከራሴ ስህተት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም ሳልርቅ እኖራለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የልጇን ትራስ በደም ርሶ ላገኘች እናት ነው። የመድኃኒቱን መጠን ኪሎዋን አይቶ የሚወስነው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ጋ እስክትደርሱና ከሐኪሙ ጋ ከተመለሳችሁ በኋላ ያለው ሥራ ግን የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው ሲቆረጥ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሶች ቁስሉ ላይ ይሰበሰቡና እርስ በርስ ተያይዘው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። የሚያያይዛቸው ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ፋይብሪኖጅኑን የሚይዙበት መያዣ ደግሞ ላያቸው ላይ አለ። የልጄ ፕላትሌቶች ያ መያዣ የላቸውም። ለእናቴ ሳስረዳት በራሴ ሙያ ነው የነገርኳት፤ «እማዬ፣ ቁልፉ ሙሉ ነው፣ የቁልፉ ቀዳዳ ግን አልተሰፋም» አልኳት። ቶሎ ገባት። ሕመሙን መጀመሪያ የጻፈው ግላንዝማን የሚባል የስዊዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1918።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል፤ ብዙ ባለሙያም ይሳሳታል። የፕላትሌቶቹ ቁጥር መደበኛ ነው። ልጄ ሁለት ዓመቷ ላይ ከስፌት መኪናዬ ሥር የወደቀ ስፒል ጣቷን ወጋት። ጠዋት የወጋት እስከ ማታ ይንጠባጠብ ነበር። የደም ሕዋሶችን የሚቆጥረው ሲቢሲ የሚባል ምርመራ ታዘዘ። ፕላትሌቷ 280 ሺህ ሆነ። ደም በስንት ጊዜ እንደሚረጋ የሚለኩት ፒቲ እና ፒቲቲ የሚባሉትም ምርመራዎች ደህና ናቸው ተባለ። «ልጅሽ ጤነኛ ናት» ተብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እንዲህ ሦስት ዓመት ተመላለስን። ግራ እጇ ላይ የበለዘ ነገር ያየች አንዲት ባለሙያ እንደምመታት ጠርጥራ በዓይኗ ስትመረምረኝ አስታውሳለሁ። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል።

ነገሩን የከፈተው አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ከጣቷ ጫፍ ደም ወስዶ በቀጥታ መስታወት ላይ ቀባው። በማይክሮስኮፕ ሲያየው ፕላትሌቶቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተበትነው አገኛቸው። ከጤነኛ ሰው ጣት በቀጥታ የተወሰደ ቢሆን እዚህም እዚያም ተቧድነው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄደን፣ ፕላትሌቶቹ መያያዝ አለመያያዛቸውን የሚለይ ምርመራ ተደርጎ ተረጋገጠ። ስለዚህ ልጃችሁ በየጊዜው የምትነስር፣ ያለ ምክንያት የምትበልዝ፣ ድዷ የሚደማ ከሆነ፣ ሲቢሲ ደህና ነው ስለተባለ ብቻ አትመለሱ። «የፕላትሌቱን ሥራ የሚያይ ምርመራ ይታዘዝልኝ፤ የደም ሐኪም ጋ ሪፈር ጻፉልኝ» በሉ። ሄማቶሎጂስት የሚባለው እሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ላንሳ። ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው። «ዘመዳሞች ነበራችሁ እንዴ?» ተብለን ተጠይቀናል። የእኔና የባለቤቴ ቤተሰቦች ሽማግሌ አስቀምጠው ሰባት ቤት ቆጥረው ነው የዳሩን። ዘመዳሞች ሲጋቡ ዕድሉ ይጨምራል፤ ባይዛመዱም ግን ሁለት ተሸካሚዎች ሊገናኙ ይችላሉ። ተሸካሚው ራሱ ብዙውን ጊዜ አይደማም፣ አያውቀውምም። በየእርግዝናው ልጁን የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የልጄ ታናሽ ወንድም ጤነኛ ነው። የማንም እርግማን አይደለም፤ የማንም ጥፋት የለበትም።

ነስር ሲመጣ

የመጀመሪያ ሰሞን የማደርገውን ልናዘዝ። አንገቷን ወደ ኋላ አዘንብዬ አናቷ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፈስ ነበር። እናቴም ከእኔ ጋ እንዲሁ አድርጋለች። ደሙ በአፍንጫ ወርዶ ስላልታየን ቆሞ ይመስለናል። ለካ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ ሆዷ ይገባል። ትንሽ ቆይታ ጥቁር ደም ታስመልሳለች፣ እኛም ይበልጥ እንደነግጣለን።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ከአንገቷ ጎንበስ ትላለች፣ ከፊቷ ጎድጓዳ ሳህን አለ። ቀስ ብላ አንዴ ትናፈጥና የረጋውን ታወጣለች። ከዚያ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይሠራሉ። የሚያዘው ከአጥንቱ በታች ያለው ለስላሳው የአፍንጫ ክፍል ነው፤ ሁለቱም ቀዳዳ አንድ ላይ፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ። ብዙ ሰው አጥንቱን ይጫናል፤ አጥንት መጫን ምንም አይሠራም። በአፏ ትተነፍሳለች። አፏ ውስጥ የገባውን ትተፋለች፣ አትውጥም። እኔ ሰዓቱን አያለሁ፤ 15 ደቂቃ ሙሉ። በመሀል መፈተሽ የለም። ስልክ ቢጮህ አላነሳም። እጄ ሲዝል ባለቤቴ ጣቱን ጣቴ ላይ ደርቦ ይቀበለኛል፤ ክፍተት እንዳይኖር።

በ15ኛው ደቂቃ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ካልቆመ ሁለተኛው ዙር ይመጣል። እዚህ ላይ ሐኪሟ የፈቀደልን ነገር አለ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ነው። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ይጠብቃል። ፕላትሌቱን አያድነውም፤ የተሠራችዋን ትንሽ መድፈኛ ግን እንዳትፈርስ ያደርጋል። በመርፌ መልክ የሚመጣውን ጎዝ ላይ አርሰን፣ ጎዙን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተን ከውጭ እንይዛለን። የሚዋጠውንም ኪኒን በዚያው ሰዓት ትጀምራለች። «እስኪ ቢቆም እንይ» ብሎ ማዘግየት ትልቁ ስህተቴ ነበር። መድኃኒቱ በጊዜ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ከተጀመረም ነስሩ ቆመ ብሎ በዚያው ቀን አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ያለው ቀን ድረስ ይቀጥላል። የእኛ ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን ነው።

ደረቅ ጥጥ አትጠቅጥቁ። ደሙ ደርቆ ከጥጡ ጋ ይጣበቃል፣ ሲነቀል ቁስሉን ይዞት ይመጣል። ጎዙ የራሰ ወይም ቫዝሊን የተቀባ ይሁን። ሐኪም ቤትም አፍንጫ ሲታሸግ ራሱ የሚሟሟ ማሸጊያ ካላቸው ጠይቁ።

30 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ እንነሳለን። ወይም ደሙ በጉሮሮዋ ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ፣ ከንፈሯ ከነጣ፣ ስትቆም ካዞራት፣ ደቂቃም አንቆጥርም። ባጃጅ ውስጥም ጣቴ አፍንጫዋ ላይ ነው።

እንዳይመጣ መከላከሉ ይቀላል። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ አየሩ ሲደርቅ ነው የሚብስባት። ሐይቁ አጠገባችን ሆኖ እንኳ አፍንጫዋ ውስጥ ይሰነጠቃል። ጠዋትና ማታ ትንሽ ቫዝሊን በጣቷ ጫፍ ትቀባለች። ጥፍሯ ሁልጊዜ አጭር ነው። ከሰል የምናያይዘው፣ በርበሬም የምንቆላው ውጭ ነው።

አፍ፣ ቁስል፣ መርፌ

የወተት ጥርስ ሲነቃነቅ አትነካኩት። የእኛ ሰው ክር አስሮ መንቀል ይወዳል። የመጀመሪያው ጥርሷ እንዲያ ተነቅሎ ሁለት ቀን ደምቷል። በኋላ በራሱ እስኪወድቅ ጠበቅን። ሲወድቅ በትራኔክሳሚክ የራሰ ጎዝ ቦታው ላይ አድርጋ 20 ደቂቃ ትነክሳለች። እሱ ካልተገኘ በሙቅ ውኃ ርሶ የቀዘቀዘ የጥቁር ሻይ ከረጢት መንከስም ያግዛል።

ለድድ የምንጠቀመው መጉመጥመጫ ቤት ይሠራል። 500 ሚሊ ግራሙን የትራኔክሳሚክ ኪኒን እንፈጨውና 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ እንበጠብጠዋለን። 10 ሚሊ ሊትሩን የምለካው በመርፌ ሲሪንጅ ነው፣ ያለ መርፌው። አፏ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይዛ ትተፋዋለች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ምንም አትቀምስም። በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ሐኪሟ ጽፎልናል።

ጥርሷን መቦረሽ አታቁም። ይደማል ብለን ለአንድ ዓመት አስቁመናት ነበር፣ ድዷ ባሰበት። የቆሸሸ ድድ ያብጣል፤ ያበጠ ድድ ይደማል። ብሩሹ በጣም ለስላሳው ይሁን። መፋቂያ የለመደች ልጅ ካለቻችሁ ጫፉን በደንብ አኝካ ታለስልሰው፤ ጠንካራው እንጨት ድድ ይወጋል። ጥርስ ማስነቀል ካለ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙና የደም ሐኪሟ አስቀድመው መነጋገር አለባቸው። በቀጠሮው ዕለት ወንበር ላይ ተቀምጣ መንገር ዘግይቷል።

ለተራ መቆረጥ ንጹሕ ጨርቅ፣ መጫን፣ ሰዓት። እጅ ወይም እግር ከሆነ ከፍ ማድረግ። የቡና ዱቄት አትነስንሱ። አውቃለሁ፣ ሁላችንም ቤት የተለመደ ነው። ቡናው ቁስሉን ያቆሽሻል፤ ሐኪም ሲያጥበው ደግሞ የረጋው ሁሉ አብሮ ይነሳል። በሕፃንነት እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ በየመንደሩ የሚደረግ ግርዛት ለእንዲህ ያለ ልጅ የሞት መንገድ ናቸው። ወንድ ልጅ ያላችሁና በቤተሰባችሁ ይህ ሕመም ያለ እንደሆነ፣ ምርመራ ሳይደረግ ስምንተኛው ቀን ደረሰ ብላችሁ አትቸኩሉ።

አሁን የመርፌው ነገር። ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ ጥርሷን አሟት አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። የሕመም ማስታገሻ ተብሎ ዳይክሎፌናክ መቀመጫዋ ላይ ተወጋች። እኔም ስለ ሕመሟ መናገር አልታወሰኝም። በማግስቱ መቀመጫዋ ጠጥሮ፣ ጠቁሮ፣ እስከ ጉልበቷ ወርዶ አየሁት። አሥር ቀን መራመድ አልቻለችም። ሁለት ጥፋት አንድ ላይ ነበር። ዳይክሎፌናክ ፕላትሌትን የሚያዳክም መድኃኒት ነው። በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ያደማል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ቤታችን አይገቡም። ሲያማት ፓራሲታሞል ነው፣ በልኩ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ «ይሄ ይሻላል» ብሎ ሌላ ነገር ቢሰጣችሁ ስሙን አስነብቡት።

ክትባት ግን አይቅር። ሄፓታይተስ ቢ በተለይ ያስፈልጋታል፤ አንድ ቀን ደም መቀበሏ አይቀርምና። በቀጭኑ መርፌ እንዲሰጣት ንገሩና ቦታውን ሳያሹ አሥር ደቂቃ ተጫኑት።

የወር አበባ

ስለዚህ ብዙ እጽፋለሁ። ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝና ያስለቀሰኝ ይህ ነው።

የመጀመሪያው የወር አበባ ለእንዲህ ያለች ልጅ ከሁሉም የከፋው መድማት ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪሟ ነግሮኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ፣ ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር። «እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ከማህፀን ሐኪም ጋ አገናኛችኋለሁ» አለኝ። እሺ ብዬ ተውኩት። ገና ልጅ ናት አልኩ። ለእሷም ምንም አልነገርኳትም። እኔም በጊዜዬ ማንም አልነገረኝም።

አሥራ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ላይ መጣባት። ለአራት ቀን ደበቀችኝ። ከስፌት የተረፈኝን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከከረጢቱ እየወሰደች ትጠቀም ነበር። ያወቅሁት ቁርጥራጩን ለትራስ መሙያ ስፈልግ አጥቼ ነው። ክፍሏ ስገባ አልጋ ላይ ናት። ፊቷ እንደ ነጠላ ነጥቷል። «እማ፣ ይቆማል ብዬ ነው» አለችኝ። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኗ 5 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ ቀን ተኛን። ደም ተሰጣት፣ ፕላትሌትም ተሰጣት፣ ትራኔክሳሚክ በደም ሥር፣ ሆርሞንም። ተረፈች።

ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ንገሯት። በአሥር ዓመቷ ንገሯት። ምን እንደሚመጣ፣ ሲመጣ በዚያው ሰዓት ለማን እንደምትነግር። እናት ከሌለች ለአክስት፣ ትምህርት ቤት ከሆነች ለአንዲት መምህርት። ኪኒኑ የት እንደተቀመጠ አሳዩዋት። የመጀመሪያው ጠብታ የታየ ቀን ትራኔክሳሚክ ይጀመራል፣ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን። ሞዴስ መቁጠር ልመዱ። ሞዴሷ በሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት የሚሞላ ከሆነ፣ ትልልቅ የረጋ ደም የሚወርድ ከሆነ፣ ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ልጄ አሁን ሆርሞን ያለበት ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ከወሊድ መከላከያው ጋ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ሰምቶ ምን እንደሚል ገምቱ። አንዲት ዘመዳችን «ለልጃገረድ ይሄ ምን ይባላል?» ብላ ቡና ላይ ተናግራናለች። አክብሬ፣ ሳልቆጣ መለስኩላት፤ «እትዬ፣ ለደሟ ነው። ልጄን ልቀብራት ነበር፤ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት።» ከዚያ በኋላ ያች ዘመዳችን ራሷ ናት «ኪኒንሽን ወሰድሽ?» የምትላት። አንድ ጥንቃቄ አለው። ሆርሞኑንና ትራኔክሳሚኩን አንድ ላይ መውሰድ በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሲደረቡ በተቃራኒው ደም ሥር ውስጥ መርጋት ሊያመጡ ይችላሉ።

ደሟን መተካት

ትንሽ ትንሽ የሚፈስ ደም ብረቷን ይጨርሰዋል። ልጄ ስትደክም፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ሲመታ፣ አፈርና ኖራ ሲያምራት የደም ማነሱ እንደመጣ አውቃለሁ። የአይረን ኪኒን ትወስዳለች፣ በብርቱካን ወይም በሎሚ ጭማቂ። ቡናና ሻይ አብሮ አይሆንም፤ አይረኑ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ። አይረን ሰገራን እንደሚያጠቁር ማንም ስላልነገረኝ አንድ ሌሊት ሆዷ ውስጥ ደማች ብዬ ይዣት ሮጫለሁ። የአይረኑ ጥቁር ድፍን ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ከሆድ የሚመጣው ደም እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅና ሽታው ከፍተኛ የሆነ ነው። ከተጠራጠራችሁ ሂዱ፤ በከንቱ መሮጥ ምንም አይጎዳም።

ጾም ሲመጣ የንስሐ አባታችንን አማከርኩ። ካርዷን አሳየኋቸው። «ልጅቱ ትብላ፤ አንቺ ጹሚላት» አሉኝ። ሥጋና ጉበት ስናገኝ ለእሷ ይቀደማል። ጸበልም እንወስዳታለን። ኪኒኗን ግን ጸበል ቦታም ትውጣለች፤ ማቋረጥ የለም።

ሐይቁ ዳር ለምትኖሩ ደግሞ ይህን ልጨምር። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ደም የሚመጥ የአንጀት ትልም በባዶ እግር ከሚረገጥ አፈር ይገባል። ሌላውን ልጅ ቀስ ብሎ የሚያደክም ትል የእኛን ልጅ ቶሎ ይጥላታል። ጫማ ታድርግ፣ ዳር ዳሩ ውኃ ውስጥ አትንቦራጨቅ፣ ሰገራዋም በየስድስት ወሩ ይመርመር።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ

እዚህ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ናቸው። የትም ብትሄዱ ግን ተረኛው ሐኪም ይህን ሕመም አይቶት ላያውቅ ይችላል። አትፍረዱበት፤ ወረቀት ስጡት። የእኛ ወረቀት በፕላስቲክ የተለበደ ነው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ የሐኪሟ ፊርማና ማኅተም አለበት። እንዲህ ይላል፦ ግላንዝማን ትሮምባስቴኒያ። የፕላትሌት ቁጥሯ መደበኛ ነው፣ ሥራቸው ግን የለም። በጡንቻ አትወጋ። አስፕሪንና መሰሎቹ ክልክል ናቸው። የደም ዓይነቷ፣ ኪሎዋ፣ ከዚህ በፊት የወሰደችው ደምና ቀኑ። ከሥሩ የሐኪሟ ስልክ።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጣት ቫይታሚን ኬ ነበር፣ አንዳንዴም ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል። እነዚህ የሚጠቅሙት ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ለጎደሉበት ሰው ነው። እሷ ጋ እነሱ ሙሉ ናቸው። በትሕትና «ወረቀቱን ያንብቡልኝ» በሉ።

ፕላትሌት መስጠት ደሙን ያቆማል። የእሷ የማይያያዙ ቢሆኑም የሌላ ሰው ፕላትሌት ይያያዛል። ግን ዋጋ አለው። ሰውነቷ እሷ የሌላትን መያዣ እንደ ባዕድ ይቆጥርና ፀረ እንግዳ አካል ሊሠራበት ይችላል። ያ ከሆነ በኋላ የሚሰጣት ፕላትሌት ሁሉ እየተበላ አይሠራም። ስለዚህ ለነስርና ለጥርስ ፕላትሌት አይባክንም፤ ለከባዱ ቀን ይቀመጣል። ከባዱ ቀን ሲደርስ ደግሞ እምቢ አይባልም። ነጭ የደም ሕዋሱ ተጣርቶ የወጣለት ፕላትሌት ካለ እሱን ጠይቁ። ፕላትሌት በደም ባንክ የሚቆየው አምስት ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ተቀምጦ አይጠብቃችሁም። ቀጠሮ ያለው ቀዶ ሕክምና ከሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት። እኛ ዘመድ ጎረቤቱን በየጊዜው ደም እንዲለግስ እንቀሰቅሳለን።

ሌላው መድኃኒት ፋክተር ሰባት ኤ የሚባለው ነው፣ ከሰው ደም ሳይሆን በቤተ ሙከራ የሚሠራ። ፕላትሌት ለማይሠራላቸው የግላንዝማን ሕመምተኞች የተፈቀደው እሱ ነው። በኪሎ 90 ማይክሮ ግራም፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። በጣም ውድ ነው። የት እንደሚገኝ ለሐኪማችሁ ደህና በሆናችሁበት ቀን አንሱ።

ሳትዘገዩ የምትሮጡባቸውን ነግሬ ልጨርስ። ጭንቅላቷን ከተመታች፣ ባትደማም፣ ደህና ነኝ ብትልም። ብርቱ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋ። ድንገተኛ የሆድ ሕመም። ደም የቀላቀለ ሽንት፤ እዚህ ላይ ትራኔክሳሚክ በራሳችሁ አትስጡ፣ የረጋው ደም የሽንት መውረጃውን ሊዘጋ ይችላል፤ ውኃ እያጠጣችሁ ውሰዷት።

ከተማችን መንገድ የሚዘጋበት፣ ባጃጅ የሚቆምበት፣ ስልክ የማይሠራበት ቀን አይታለች። ስለዚህ ኪኒኑ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ከአንድ ወር በታች አይወርድም። ሐኪሟም ቀድሞ ሁለት ማዘዣ ይጽፍልናል።

ከተረፈ ነጠላ ትንሽ ቦርሳ ሰፍቼላታለሁ፣ ዚፕ ያለው። ጎዝ፣ ትራኔክሳሚክ፣ ሲሪንጅ፣ ቫዝሊን፣ ፓራሲታሞል፣ ሁለት ሞዴስ፣ ወረቀቷ። ከደብተሯ ጋ ነው የሚሄደው። ባለፈው ወር ከክፍል ጓደኞቿ ጋ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄዱ። ልከለክላት ፈልጌ ነበር፣ አባቷ «ተያት» አለኝ። ውኃው መሀል ላይ ነሰራት። መምህሯ ደንግጦ ጀልባው ይመለስ አለ። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠችው፣ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ያዘች፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ «ሰዓት ያዢልኝ» አለቻት። ማታ ቤት ስትገባ የዘጌ ቡና በፌስታል ይዛልኝ መጥታለች። ስንት ደቂቃ ፈጀ ብዬ ጠየቅኋት።

«በ11 ደቂቃ የቆመ ይመስለኛል» አለችኝ። «ግን እስከ 15 አለቀቅኩትም።»